መስኮቱን እንዳይከፍቱ ያልኳቸው እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴ ነግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ፊታቸው ተንበርክኬ ስድቤን፣ ውሸቴን፣ መጠጤን ሁሉ እዘረዝርላቸዋለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። አንተ አንባቢ ስለማታውቀኝ ላንተ መናገሩ ይቀለኛል። ፈሪነቴን ከዚሁ እወቅልኝ።

አዋሽ ውስጥ የመኪና ኤሲ እሠራለሁ። ጋሽ ሰይድ ከአባቴ ጋር ባቡር ጣቢያ የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ነጭ ፔጆ አለቻቸው። አንድ የግንቦት ጠዋት ሚስታቸውን እትዬ ከድጃን ይዘው ጋራዤ መጡ። ልጃቸው ሉባባ ሰመራ ላይ ወልዳ ሊጠይቋት መሄዳቸው ነበር።

"ተስፋዬ ልጄ፣ ኤሲዋ ደከመች። ከድጃን ደግሞ ልቧን ያማታል፣ ሙቀት አትችልም። የማይሆን ከሆነ ንገረኝ፤ ዛሬ እንቀርና ነገ ሌሊት ተነስተን ፀሐዩ ሳይበረታ እንገባለን" አሉኝ።

ቀበቶውን አየሁ፣ ደህና ነው። ጋዝ ሞላሁ። ቱቦዎቹን ጨበጥኳቸው፤ አንዱ ማቃጠል፣ ሌላው መቀዝቀዝ ሲገባው ሁለቱም ለብ ብለዋል። ኮምፕሬሰሩ አርጅቶ ጋዙን መግፋት አቅቶታል፤ ዕቃው ደግሞ አዋሽ አይገኝም። አልሆነም፣ ነገ ሌሊት ሂዱ ማለት ብቻ ነበረብኝ። ለምን አላልኩም? የሰፈሩ መካኒኮች ሁሉ ያቺ መኪና አይሆንላትም ሲሉ፣ እኔ በርጫ ላይ ጫት እየቃምኩ፣ እኔ እጅ ገብታ የማትቀዘቅዝ መኪና የለችም ብዬ ፎክሬ ነበር። እነዚያው የበርጫ ጓደኞቼ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። እንዴት ልዋረድ? ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ላይ ውሃ ከተደፋበት፣ የደከመ ኤሲ ለጥቂት ጊዜ ብርድ ይተፋል። ውሃው ሲደርቅ ወደ ድካሙ ይመለሳል። ለሙያችን መመርመሪያ ነው፤ እኔ ማታለያ አደረግኩት። ጋሽ ሰይድ ውሃ ሊጠጡ ዞር ሲሉ ኮፈኑን ከፍቼ ደፋሁበት። ከዚያ እትዬ ከድጃን አስገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ።

"ኧረ በረደኝ!" ብለው ሻሻቸውን እየሰበሰቡ ሳቁ። ጋሽ ሰይድ መረቁኝ። እኔም ሳላፍር አሜን አልኩ።

እዚህ ላይ ባቆም እንኳ ይሻል ነበር። አዋሽ አርባ ሳይደርሱ ሙቀቱ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ያኔ ዞረው መጥተው በጓደኞቼ ፊት እንዳያጋልጡኝ ብዬ፣ "ጋሽ ሰይድ፣ ቢሞቃችሁም መስኮት እንዳይከፍቱ። የውጭው ወበቅ ከገባ ይበላሻል። ትንሽ ከታገሣችሁ ራሱ ይቀዘቅዛል" አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው ያልኩት።

እሳቸውም አመኑኝ። በዚያ ሐሩር ዘግተው ነዱ። ገዋኔን አልፈው እትዬ ከድጃ ዝም አሉ፤ ጋሽ ሰይድ እንቅልፍ መሰላቸው። ሚሌ ደርሰው ሊቀሰቅሷቸው ሲሉ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ ሰመራ ተቀበሩ።

ሰመራ ድረስ ለቅሶ ሄድኩ። ሉባባ በአራስ ገላዋ በሰው ሁሉ ፊት አባቷ ላይ ጮኸች፦ "አባዬ፣ መስኮት እንኳ እንዴት አትከፍትላትም? እናቴን ገደልካት!" ጋሽ ሰይድ፣ ተስፋዬ ነው ያለኝ ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ስወጣ ተከትለውኝ እጄን ያዙ፦ "አንተ ለእሷ ብለህ ነው የለፋኸው፤ አላህ ጀዛህን ይክፈልህ። ማመዛዘን ያቃተኝ እኔ ነኝ።" ያኔም ዝም አልኩ። መስኮቱን ያዘጋሁት በአንድ ቃል ነው፤ ይህን ዝምታ ግን በየቀኑ እየመረጥኩት እዚህ ደርሻለሁ።

ሉባባ ከዚያ ወዲህ አዋሽን አልረገጠችም፤ ለአባቷም ስልክ አታነሳም። ሰመራ ለሥራ ስሄድ በበሯ አልፋለሁ። ምን ነበር ገባ ብዬ ብነግራት? እግሬ ግን አይገባም። የተወለደው ልጅ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ አያቱን አያውቅም።

በመስከረም ጋሽ ሰይድ አዲስ የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዝተው በሚኒባስ ሹፌር ላኩለት። ሉባባ አልቀበልም ብላ መለሰችው። ሽማግሌው ቦርሳውን አቅፈው ጋራዤ መጡ። "ለአንተ ልጅ ይሁነው፤ እኔ ጋ ምን ይሠራል?" አሉኝ።

ተቀበልኳቸው። እግዜር ይስጥልኝም አልኩ። ልጄ ዛሬ ጠዋት ያንን ቦርሳ አንግቶ ትምህርት ቤት ሄደ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ሸኘሁት።

ሉባባ፣ ይህ እጅሽ ከገባ፣ እናትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ። እኔን ይቅር አትበዪኝ። አባትሽ ግን አርጅተዋልና ዛሬውኑ ደውዪላቸው።