የእህቱ ደም

ካምፓላ በኮሮና ለሁለተኛ ጊዜ ስትዘጋ፣ የስድስት ዓመቱ ልጄ ሕንድ አገር የአጥንት መቅኔው ተቀይሮለት ከመጣ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። መቅኔውን የሰጠችው የአሥራ ሁለት ዓመት እህቱ ናት። ንቲንዳ ካለው ቤታችን በየሳምንቱ ለደም ምርመራ እንወስደዋለን። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ እንኳ ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። የፈቃድ ወረቀታችንን የሚያየው ፖሊስ፣ ቅንድብ የሌለውን ልጅ በመስኮት ሲያይ ዓይኑን ያሸሻል።

አንድ ቀን የላቦራቶሪዋ ሴት ወረቀት ይዛ ወጣች።

«ፋይሉ የደሙን ዓይነት ኦ ይላል። ይሄ ደም ኤ ነው። ያው ልጅ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?»

ሐኪሙ ሳቀ። የእህቱ መቅኔ ሥራ ጀምሯል፣ ደሙ ወደ እሷ ዞሯል፣ ደስ ይበላችሁ አለን። ሚስቴን ደስ አላላትም። ቤት ስንገባ ልጅቷ ሰማችና፣ «እንግዲህ ደምህ የኔ ነው፤ ታዘዘኝ» አለችው። ማንንም ታዝዞ የማያውቅ ልጅ፣ ልክ እንደ እሷ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እሺ» አለ። ሳቃችን እዚያው ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሚስቴ በስሙ ከመጥራቷ በፊት ቆም ትል ጀመር።

በዚያው ሳምንት እዚሁ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እማማ ካገር ቤት የመጣ ጠበል በጠርሙስ ላኩልን።

«አፍልተሽ ስጪው» አልኳት ሚስቴን።

«ጠበል ይፈላል? በረከቱን ልታተነው ነው?»

«የሐኪሙ ወረቀት ያልፈላ ውሃ ክልክል ነው ይላል።»

«ወረቀት ደግሞ። ፊደል የቆጠርከው ትናንት፣ ዛሬ እኔን ልታስተምር።»

እውነቷን ነው። ማንበብ የተማርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያቺን የሐኪም ወረቀት ግን በጣቴ እየተከተልኩ ሸምድጃታለሁ። ጠርሙሱን መድፋት እችል ነበር። አልደፋሁም። ልጁ ቀና ብሎ ሲያየኝ ሌላ ሰው ያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም ፈርቼ፣ ጠበሉ ልጃችንን ይመልስልን ይሆናል አልኩ። መድኃኒት ልቀበል ወጣሁ። ስመለስ የልጁ ደረት ርሷል፣ ጠርሙሱም ጎድሏል።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ገባ። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እሷም አተኮሳት?» አለኝ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ቤት ደወልኩ። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ብርድ እንዳላት ነገረችኝ። ለሚስቴ አልነገርኳትም።

«ያልፈላ ውሃ ጠጥቷል?» ሲል ሐኪሙ ጠየቀን።

ሚስቴ መሬት መሬት አየች።

«ጠበል ጠጥቷል» አልኩት። «ጠርሙሱን እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ መድኃኒቱን ብቻ ቀየረ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ያወረደው ጠበሉ ነው ትላለች። አልከራከራትም። ለሐኪሙ መናገሬን ግን ይቅር አላለችኝም። አትበለኝ። ያን ቀን ብዋሽላት ኖሮ፣ ዛሬ ማን አዳነው ብለን የምንጨቃጨቅበት ልጅ አይኖረንም ነበር።