እናቴ የደወለች ማታ

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ የሆነ ነው። ዛሬም ስልክ ሲጮኽ ከተቀመጥኩበት የምነሳው በዚያ ምክንያት ነው።

ያን ሰኞ ከታላቅ ወንድሜ ከደሳለኝ ጋር ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት እናፈርስ ነበር። ባለቤቱ ቆርቆሮውንም እንጨቱንም መልሰው ሊሠሩበት ስለፈለጉ፣ ሚስማሩን እየነቀልን በጥንቃቄ ነበር የምናወርደው። እሱ ከላይ ያቀብላል፣ እኔ ከታች እቀበላለሁ።

«አሥራ ሁለተኛን ጨርሰህ ቆርቆሮ መያዝ አቃተህ?» አለኝ።

«አንተ ቀስ ብለህ አቀብል» አልኩት። ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮው አልቆ የጣሪያውን እንጨት ጀመርን። ደሳለኝ እንጨቱ እንዳይሰበር ብሎ እዚያው ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ይነቅላል። የቆመበት ወራጅ እንጨት ደህና ይመስል ነበር። ለካ ውስጡን ምስጥ በልቶታል። ወገቡ ላይ ገመድ አላሰረም። እኛ ጋ ማንም አያስርም። የመሠረቱ ድንጋይ ላይ በጀርባው ወደቀ።

ሰው ተሰብስቦ ውኃ አፈሰሰበት። አንስተን ባጃጅ ውስጥ መሃላችን አስቀመጥነው። እንደዚያ መነሳት እንዳልነበረበት ሐኪሙ በኋላ ነው የነገረን።

«እግሬን ያዝልኝ» አለኝ መንገድ ላይ።

«ይዤዋለሁ» አልኩት። ይዤው ነበር።

ሆስፒታል ደርሰን ቀትር ሳይሆን አረፈ።

ሲመሽ ይፋግ ያለው አጎቴ ቤት ደረስኩ። አስከሬኑ ጠዋት ሊመጣ ነው። የእናቴ ቤት ከዚያ ብዙ አይርቅም።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አለኝ አጎቴ። «ጠዋት ሽማግሌ ይዘን እንገባለን። አንተ ከኋላ ሁን፣ ፊትህ ያስታውቃል።»

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«የሱ ስልክ አይነሳም። ምነው?»

«ደክሞት ተኝቷል፣ እማዬ።»

«ሳይበላ?»

«በልቷል።»

አሁንም እናቴ በልተሃል ወይ ስትለኝ፣ ብበላም አልበላሁም እላታለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድን። ከኋላ ሁን ተብያለሁ። ግን ቀስ ብሎ መሄድ አቃተኝ፤ ቀደምኳቸው። እናቴ ላሟን አልባ ከበረት እየወጣች ነበር።

«አንተ፣ በዚህ ሰዓት? ወንድምህስ?»

የያዘችውን ወተት ተቀብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ገና አጥሩ ጋ አልደረሱም። እኔው ነገርኳት።