ሄማን የገዛው ቀጭን ብረት

ባሌ ሄማን ረድ ፈሪ ሰው አልነበረም። ኒውዮርክ ወደብ ወርዶ፣ ከዌልስ በመርከብ የሚመጣውን ብረት ለባቡር ኩባንያው የሚገዛ እሱ ነው። ነጋዴዎቹን በቁጣ ሲያንቀጠቅጣቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን፣ ልጃችን ፊሌናን ምጥ ይዟታል ተብሎ ወደ ዩቲካ ስንሄድ፣ ባቡሩ ገና ከመንቀሳቀሱ እግሮቹን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰቀለ።

"ምን ሆነሃል? አውርድ እንጂ፣ ሰው ያያል!" አልኩት።

"አንቺም ስቀዪ፣ ሎቪሳ። እባክሽ" አለኝ በሹክሹክታ። ላብ አጥምቆታል።

የኛ አገር ሐዲድ እንጨት ነው፤ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ብረት በሚስማር ይመታበታል። ሚስማሩ ሲላላ የብረቱ ጫፍ ቀና ይላል፤ መንኮራኩር ከሥሩ ከገባ ደግሞ ብረቱ የሠረገላውን ወለል በስቶ ይወጣል። የእባብ ራስ እንለዋለን። ይህን ማንም ያውቃል፤ እኔ ያላወቅሁት ሌላ ነበር።

"ብረት የሚሸጠው በክብደት ነው" አለኝ ጆሮዬ ሥር። "ቀጭኑን ስወስድ በዚያው ዋጋ ረጅም መንገድ ሸፈነ። አለቆቹ አጨበጨቡልኝ። ይኸው፣ አሁን የምንሄደው እሱ ላይ ነው።"

ቆሌዬ ተገፈፈ። "አንተ ሰው! የልጄን ዓይን ሳላይ ልትገድለኝ ነው?" ብዬ እግሬን ሰቀልኩ።

ፊት ለፊታችን አንዲት ወጣት እናት የተኛ ሕፃኗን ከነቅርጫቱ ወለሉ ላይ አስቀምጣለች። "ምነው ትልልቆቹ፣ አይጥ አያችሁ እንዴ?" ስትል ሠረገላው ሁሉ ሳቀ።

ሄማን አልሳቀም። ዓይኑን ከቅርጫቱ ላይ መንቀል አቃተው። በሩ አጠገብ ከኩባንያው አለቆች አንዱ ጋዜጣ ያነባል፤ ባሌ አፉን ከከፈተ እንጀራችን ተዘጋ ማለት ነው። ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር ሲያፏጭ ተሰማን፤ ሄማን ብድግ አለ።

"እመቤቴ፣ ሕፃኑን አንሺ! አሁኑኑ!"

"ደግሞ አንተ ምን ቤት ነህ?"

"ብረቱን የገዛሁት እኔ ነኝ! ቀጭን ነው፣ አይችልም! አንሺው እልሻለሁ!"

ጩኸቱ አስደንግጧት ሕፃኑን አፈፍ አደረገችው። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ምንም አልመጣም። አለቃው ጋዜጣውን አጠፈና፣ "ሚስተር ረድ፣ ዩቲካ ስንደርስ እንነጋገራለን" አለ። እናትየዋም መስኮቱ ጋ ቆማ ልጇን እያባበለች ባሌን ትረግማለች።

ያኔ ወለሉ ተቀደደ። ብረቱ ባዶውን ቅርጫት ሰንጥቆ እስከ ጣሪያው ወጣ።

ባቡሩ ሲቆም ያልጮኸ አልነበረም፤ እኔም ጮኼያለሁ። እሷ ብቻ ዝም ብላ፣ ልጇን ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች ወደ ሄማን መጣች። ልታመሰግነው መስሎኝ ነበር።

"ቀጭን መሆኑን እያወቅህ ነው የገዛኸው?" አለችው።

ባሌ ባርኔጣውን አወለቀ።

"አዎ፣ እመቤቴ" አላት።