የጠፋ መልከ ጥፉ ልጅ ያየ

የዛሬ እናቶች ልጅ መጠበቅ አቃተን ብለው ሲያማርሩ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። የእኔን እናት ባዩ! ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ተራ በተራ ቀብራለች። እኔን ለማቆየት ታዲያ ያልሞከረችው ነገር የለም።

ትውልዷ አንኮበር ነው። እዚያ ልጅ ከደጃፍ ወጥቶ ከተንከባለለ ማቆሚያ የለውም። ደብረ ብርሃን ተድራ ከመጣች በኋላም ያ ፍርሃት አልለቀቃትም፤ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ በመቀነቷ ከምሰሶው ጋር ታስረኛለች። የምንከባለልበት ገደል በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም፤ ሰፈራችን ሜዳ ነው። ማን ይንገራት?

የውጪው ደግሞ ባሰ። ከቤት ከወጣን የምትፈራው የሰው ዓይን ነው። ስለዚህ ወንድ አደረገችኝ። ቁንጮ አስቀርታ ላጨችኝ፣ የወንድ እጀ ጠባብ አለበሰችኝ፣ ፊቴን ጥላሸት ቀባችኝ፣ በሰው ፊት «አንተ» ትለኝ ጀመር። ጎረቤት ልጅሽ እንዴት አድጓል ካላት ተይኝ እቴ፣ ይሄን ንፍጣም፣ ይሄን መልከ ጥፉ ትላለች። ስሜንም ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፤ ስም ይዞ መድኃኒት የሚያደርግ አለ ብላ። እኔም መልከ ጥፉ ወንድ መሆኔን አምኜ በሰላም እኖር ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጣን። እናቴ ቀሚሷን አስይዛኝ ከባና ብርድ ልብስ ሻጭ ጋር ክርክር ገጠመች። ንፍጤን ልጠርግ ለቀቅ አድርጌ መልሼ ያዝኩ። ቀና ስል ቀሚሱ የሌላ ሰው ነው።

የቀሚሱ ባለቤት ከጫጫ ቅቤ ይዘው የመጡ ባልቴት ነበሩ። እናቴን ዙሪያችንን ፈልገው ሲያጧት ቅቤ ተራ ወስደው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ የእናቴ አልኳቸው። ስሜን ጠየቁኝ፤ ለሰው አልናገርም አልኳቸው። ግርም ብሏቸው ጣታቸው ላይ የቀረውን ቅቤ ፊቴ ላይ አሹት፣ በነጠላቸውም ጠረጉት። ጥላሸቴ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሽንቴ መጣ። ከጆንያው ጀርባ ወስደው ቁጭ ሲያደርጉኝ ጉዴ ፈላ።

«ሴት ነሽ እንዴ?» አሉኝ።

ተሰደብኩ ብዬ ተቆጣሁ። ወንድ ነኝ አልኳቸው።

ይሄኔ ለጠፋ በቅሎና ለጠፋ ፍየል የሚለፍፈው ሰውዬ በቅቤ ተራው መሀል አለፈ። እናቴ ልካው ኖሯል። የጠፋ ወንድ ልጅ ያያችሁ፣ ጥቁር ነው፣ ንፍጣም ነው፣ መልከ ጥፉ ነው እያለ ይጮሃል። ደስ አለኝ። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ብዬ ተነሳሁ። ባልቴቷ እጄን ይዘው መለሱኝ። «ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ እሱ ሌላ ነው። አንቺ መልክሽ የሚያምር፣ የቆንጆ ቆንጆ» አሉኝ። እኔ መልከ ጥፉ ነኝ ብዬ ብከራከር፣ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ! ለፋፊውም አንድ ጊዜ አየት አደረገኝና አለፈ።

ገበያው መፈታት ጀመረ። ሴትዮዋ ቅቤያቸውን ሸጠው ቅላቸውን አንጠለጠሉ። አጠገባቸው ለምትሸጠው ሴት እንደነገሯት፣ ለዛሬ ጫጫ ወስደው አሳድረውኝ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሊመልሱኝ ነው። ጥጃ እንዳላቸው ስለነገሩኝ እኔ ብዙም አልከፋኝ። እናቴ ግን ያን ቀን ያለ ልጅ እቤቷ ብትገባ በሕይወት የምታድር አይመስለኝም።

ወደ መንገዱ ስንወጣ ሰው ተሰብስቧል። ቁመቴ ከሰው ወገብ በታች ስለሆነ የማየው እግር ብቻ ነው። ለፋፊው ይቆጣል፤ እንዲህ ያለ ልጅ በገበያው የለም፣ ጉሮሮዬ ነቃ፣ እውነቱን ተናገሪ ይላል። ከዚያ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ሴት ናት» አለች። «ወንድ አይደለችም፣ ሴት ናት። ቀይ ናት። ዓይኗ ትልልቅ ነው፣ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል። ቆንጆ ናት። ምን ላድርግ፣ ቆንጆ ናት ልጄ።»

ባልቴቷ ይቺውና ብለው ወደፊት ጎተቱኝ። እኔ ግን አልሄድም ብዬ ነጠላቸውን ያዝኩ። እናቴ እኔን ትታ ቆንጆ ሴት ልጅ ስትፈልግ ሰማኋታ! ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች ባውቅ ፀጉሯን በነጨሁት ነበር። ሰው ገለል ሲል እንባና ቅቤ እያንጠባጠብኩ ፊቷ ቆምኩ።

«እኔንስ?» አልኳት። «እኔን አትፈልጊኝም?»

ከሰዉ ያልሳቀ የለም። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳበችኝና፣ «አንቺን ነው እኮ» አለችኝ። ከዚያ ሦስቴ እንትፍ እንትፍ አለችብኝ፣ በነጠላዋ ከአናቴ እስከ እግሬ ጠቅልላ አዘለችኝ፣ ያየኝን ሰው ሁሉ እየረገመች እቤት ገባን።

አደግኩ፣ ተዳርኩ፣ ወለድኩ። ሙሽራ ሆኜ እንኳ መልክሽ እንደው ምንም አይል ነው ያለችኝ። ቆንጆ የሚለውን ቃል እስክትሞት አልደገመችልኝም። አልከፋኝም፤ ያኔ ጮክ ብላ ስትናገረው ገበያ ሙሉ ሰው ሰምቷል።