ከሕፃናት ጋር የተከተብኩ ዕለት

የጤና ጣቢያው የክትባት ክፍል በር ላይ ከታናሽ እህቴ ጋር ወረፋ ይዘናል። ከፊታችን ስድስት እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከተሰላፊዎቹ ጢም ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

“ልጁስ?” አለቻት ነርሷ እህቴን።

“ይኸውልሽ፣” አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። “ገና ሁለት ዓመቱ ነው።”

እናቶቹ ሳቁ። በሸቅኩ፤ ግን አልዋሸችም። ከተወለድኩ ጀምሮ ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ ነበረብኝ፤ ቀይ የደም ሕዋሴ እንደ ማጭድ እየተቆለመመ ደም ሥሬን ሲዘጋው አጥንቴ ውስጥ እሳት ይነድ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሕንድ አገር የእኔን መቅኔ በመድኃኒት አጥፍተው ከእህቴ የተወሰደ ስቴም ሴል፣ ማለትም ደም የሚያመርት ሕዋስ፣ ሰጡኝ። የእሷ ናሙና ከእኔ ጋር የገጠመ ዕለት እናታችን “እግዜር ሳይደግስ አይጣላም” ብላ እልል ብላለች። ታዲያ ከአሮጌው መቅኔ ጋር የልጅነት ክትባቴም አብሮ ጠፋ። ሐኪሜ “እንደ አዲስ ትጀምራለህ” ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ።

“አይዞህ ማሙሽ፣ ካላለቀስክ ከረሜላ እገዛልሃለሁ፣” አለችኝ እህቴ መርፌው ሲገባ። ከእኔ በፊት የተወጋችው ሕፃን ድምፅ አላሰማችም፤ እኔ ግን ጮኽሁ።

ነርሷ ለሌሎቹ እናቶች እንዳለችው ለእህቴም “ትንሽ ያተኩሰው ይሆናል፤ አትደንግጪ” አለቻት።

የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ድሮ ትኩሳት ከመጣ ሕመሙ ተከትሎት ይመጣ ነበር። ካዛንቺስ ቤታችን፣ ከበሩ ጀርባ፣ የሆስፒታል ቦርሳዬ ሁልጊዜ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ጋቢ፣ ፔርሙዝ፣ ነጠላ ጫማና የካርዶቼ ክምር አሉበት። ከሕንድ ከተመለስን በኋላም እናቴ አላወረደችውም። አንድ ጀሪካን ውሃ እንኳ አስነስታኝ አታውቅም። ሰዎች “ልጅሽ ዳነ” ሲሏት “ይሁን” ትላለች እንጂ አታምንም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላምንም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰውነቴ ጋለ። እናቴ ቦርሳውን አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። እህቴ ሐኪሙ ጋ ደወለች፤ ብዙ ጠያይቆ “የክትባቱ ይመስላል፤ ከጨመረ ወይም ሕመም ከጀመረው ግን ቶሎ አምጡት” አላት። ጉልበቴንና ወገቤን እያዳመጥኩ አመሸሁ።

“ጀመረህ?”

“አልጀመረኝም።”

“አሁንስ?”

“ኧረ እማዬ!”

ያመመኝ የተወጋሁት ክንዴ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትኩሳቱ የለም። እናቴ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ሁለት ጊዜ ዳሰሰችኝና ቦርሳውን አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ጋቢውን አጠፈች፤ ፔርሙዙን ወደ ጓዳ መለሰች። ከዚያ ባዶውን ቦርሳ አንግታ “ተነስ፣ ጉልት እንሂድ” አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ።

ጉልት ደርሰን ቦርሳውን ሽንኩርትና ድንች ሞላችው። እኔ እንደ ልማዴ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ። ዞር ብላ አየችኝ።

“ምን ይገትርሃል? በደህናው ክንድህ ተሸከም እንጂ!”