ከግድግዳው የተነቀለው መቀመጫ

ወንድሜ ኃይለ ሚካኤል የእናታችንን ቤት አደስኩ እያለ ያወራል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እናታችን ወለተ ሰንበት ፈትል እየፈተለች፣ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ ባላባት የተወረሰ አሮጌ ፎቅ ላይ ሁለት ጠባብ ክፍል የቀበሌ ቤት አላት። የትልቁን ክፍል ግድግዳ ይዞ ዙሪያውን የሚሄድ የዋንዛ መቀመጫ ነበር፤ ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ቤቱ ምንም ቢጠብ እዚያ ላይ አሥራ አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ማኅበር ከእናቴ ቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ዓመቱን የምትቆጥረው በዚያች ቀን ነበር።

በ2001 ዓ.ም. እናቴ ለፍልሰታ ሱባኤ ስትገባ ቁልፉን እኔ ዘንድ ተወችው። ወንድሜ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ መጣና ቀለም ላስቀባላት ነው አለኝ። ቀለም ብቻ! አምኜ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ይህን አልደብቅም።

ማኅበሩ ሁለት ቀን ሲቀረው የጠላውን እንስራ ይዤ ስገባ የማላውቀው ቤት ጠበቀኝ። ዋንዛው ተነቅሎ አንዲት አረቄ አውጪ ለማገዶ ገዝታዋለች። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ መሐል ቤቱ ላይ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎ ላስቲኩ ያልተነሳ ትልቅ ሶፋ ተጎልቷል። ወንድሜ ከሶፋው አጠገብ ቆሟል። ማኅበርተኛው የት ሊቀመጥ ነው ብዬ ጮኽኩበት። በዚህ ዘመን እንጨት ላይ ማን ይቀመጣል አለኝ። ባንክ ቤት ውሎ ሰው ሁሉ ተራ እስኪደርሰው ብቻ የሚቀመጥ መስሎታል። ሶፋውን አውጣልኝና ከእድር አግዳሚ ልዋስ ብለው፣ እዚሁ ውስጥ ነው የተገጣጠመው፣ በበሩ አይወጣም አለ።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እናቴ ማኅበርተኞቹን አስከትላ ደረጃውን ወጣች። በሩን ራሷ ከፈተች። አየችና ለማኅበርተኞቹ መንገድ ለቀቀች። አምስቱ ሶፋው ላይ ተጨናነቁ። የቀሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዝናብ እየመታቸው ሰገነቱ ላይ ቆሙ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የማኅበሩ መሪ መምሬ ዘመንፈስቅዱስ ዳቦውን ባረኩ፤ ሁሉም ባለበት ሆኖ ቀማመሰ። መሄጃቸው ሲደርስ መምሬ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው፣ «እንግዲህ እርስዎም ደክመዋል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሌላ ቤት ይሁን» አሏት።

እናቴ አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። ድካም! ያቺ ሴት ለዚያ ቀን ደክሟት አያውቅም።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ኃይለ ሚካኤል ቀረባት። «እማዬ፣ እኔ እኮ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» አላት።

«እኔን ደስ የሚለኝ እነሱ ሲቀመጡ ነበር» አለችው፤ ጎንበስ ብላም የዳቦውን ፍርፋሪ ከአዲሱ ምንጣፍ ላይ ትለቅም ጀመር።