ሁለቴ የሚለቀም ምስር

ልጅ ሳለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፍልሰታ ጾም አንድ ጠዋት አባቴ ታክሲውን በስደት በምንኖርባት ከተማ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ጥግ አስይዞ መሪው ላይ ተደፋ። የኩላሊት ጠጠር ነበር። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር፤ ዐሥር ዓመቴ ነው። ሌላ ታክሲ ነጂ ሆስፒታል ሲያደርሰን፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

እናቴ የማታ ሥራ ስለነበራት፣ ያኔ አመሻሹን የማሳልፈው ከእኛ በታች የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ቤት ነበር። ለአንድ ሬስቶራንት ምስር በትሪ ዘርግተው በመብራት ሥር ይለቅማሉ፤ እኔም አብሬ እለቅማለሁ። በጋዙ ሰማያዊ ነበልባል ላይ የሚቁላላው ሽንኩርት ልብሳችን ውስጥ እየገባ፣ እሳቸው ተረት ያወሩልኛል። የሚደጋግሙት ሚስቱ በደንብ ያልተለቀመ ምስር ስላበላችው ሰው ነው። ጠጠሩ ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ አድጎ፣ በመጨረሻ ገደለው። «ስለዚህ ሁለቴ ነው የሚለቀመው» ይሉና ያለቀውን ትሪ መልሰው ይገፉልኛል።

አባቴ በታመመበት ሳምንት የቤታችንን ምስር የለቀምኩት አንዴ ብቻ ነበር።

ሆስፒታል አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። ሐኪሙ አባቴ በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ጠየቀ።

«ብዙ ይጠጣል በዪው» አለኝ አባቴ፣ ላብ እያጠመቀው።

እውነቱ ሌላ ነበር። ኤርፖርት ታክሲዎች ወረፋ በሚጠብቁበት ቦታ፣ ሽንት ቤት የሄደ ተራው ያልፈዋል። ስለዚህ አባቴ በሥራ ሰዓት ውሃ አይጠጣም፤ በጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጭራሽ አይቀምስም። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ በልቶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይተኛል። «ኖ» ብዬ ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ነገርኩት። አባቴ እንግሊዝኛው ትንሽ ቢሆንም «ኖ» የምትለዋን ያውቃል።

«አስተርጓሚ ነሽ ወይስ ምስክር?» አለኝ።

«ምስክር» አልኩት።

ከዚያ ስለ ምስሩም ተናዘዝኩ። ሐኪሙ አልሳቀም። የዋጥነው ጠጠር በአንጀት አልፎ እንደሚወጣ፣ ኩላሊት ጋ እንደማይደርስ ነገረኝ። የኩላሊቱ ጠጠር ግን ውሃ ሲያንስና ሽንት ሲወፍር፣ ሽንት ውስጥ ካሉት ማዕድናት እዚያው ይሠራል፤ ጨው ማብዛትም ያግዘዋል።

ጠጠሩ በሦስተኛው ቀን ወጣ። የእኔ ሥራ የጀመረው ያኔ ነው። የወተት ጋሎን አጥቤ አራት መስመር አሰመርኩበት፣ ውሃ ሞልቼ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ጨውን ከገበታ አነሳሁ። የንስሐ አባቱም «ሕመምተኛ ነህ» ብለው በጾም ውሃ እንዲጠጣ ፈቀዱለት። ማታ ሲገባ ጋሎኑን መብራት ላይ ይዤ እመረምራለሁ።

«ዛሬ ሁለት ጊዜ ተራ አለፈኝ» ይላል።

«ይለፍህ።»

ጠጠሩ አልተመለሰም። እትዬ ዘነበችን ግን ማሳመን አቃተኝ። ሐኪሙ ያለውን ስነግራቸው «ሐኪም ምስር ለቅሞ ያውቃል?» ብለው ትሪውን ገፉልኝ። ግትርነት መስሎኝ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም እንደዚያው አሰብኩ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ለቅሶ ቤት፣ ያንን ተረት ለልጃቸው አነሳሁላት። ተረት አልነበረም። ሰውዬው አባቷ ነበር፤ በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር፣ በበረሃው ሙቀት ላለመቆም ብሎ ውሃ ሳይጠጣ የሚነዳ። ምስሩን ትለቅምለት የነበረችው ሚስቱ እትዬ ዘነበች ነበሩ።